እጇን ነው የያዛት

አቪሻይ ከሄደ ሦስት ሳምንት ሆነው፤
ብርድ ልብሱን ወስዶ ብርዱን ለኔ ተወው።
"ከብደሽኛል" አለኝ፣ እንደ ሻንጣ መዝኖ፣
ሎድ አየር ማረፊያ ሚዛን ፊት የቆመ ሠራተኛ ሆኖ።

እናቴ ሰማችው፤ ማን እንደነገራት አልጠየቅኋትም፤
ቤርሼቫ ላይ ወሬ አውቶቡስ አይጠብቅም።
ሰንበት እንደወጣች፣ ሦስቱን ኮከብ ቆጥራ፣
ደጄ ተተከለች ቦርሳዋን ወጥራ።
"ተነሺ ስመኝዬ፣ ሲኒማ ልንሄድ ነው።
ሐዘን ሰባት ቀን ነው፤
ሃያ አንድ ቀን ሙሉ የተቀመጥሽው ማን ሞቶብሽ ነው?"

ፊልሙን በፖስተሩ ራሷ መረጠች፤
ነጭ ለብሳ፣ ኬክ ታቅፋ የቆመች ሴት አየች።
"ሙሽራ ናት፤ ይኼ የጨዋ ፊልም ነው" አለች።
ትኬት ቆራጩ ልጅ እኔን አየ፣ እሷን አየ፣
ደግሞ እኔን አየና "እርግጠኛ ናችሁ?" አለን።
"ቤሴዴር" አለችው፤ ትልቁን ፋንዲሻ አዘዘች።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሙሽራዋ ተከዳች፤
አሥር ሳይሞላ ቀሚሷን አወለቀች።
ንግግሩ እንግሊዝኛ፤ ከታች የሚሮጠው የዕብራይስጥ ጽሑፍ
ለእናቴ ዓይን አይቆም፣ እንደ ደንጋጣ ወፍ።
ስለዚህ አስተርጓሚ ሆንኩላት እንደ ድሮዬ፣
በዘጠኝ ዓመቴ ክሊኒኩ፣ ባንኩ ውስጥ እንደነበር ሥራዬ።

"ምን አላት?"
"ናፍቀሽኛል አላት።"
(ያላት ሌላ ነው፤ በአማርኛ አፌ አያውቀውም።
አማርኛን የተማርኩት ከሷ ነው፤ ያንን አላስተማረችኝም።)
"አሁንስ ምን ያረጋል?"
"እጇን ነው የያዛት።"
"አሁንስ?"
"አሁንም እጇን ነው።"
"አንሶላ ውስጥ ገብቶ?"
"ይበርዳታል፣ እማ።"
"ታዲያ ለምን ትጮኻለች?"
"...እጇ ተሰብሮ ነው።"

ከኋላችን አንድ ተጠባባቂ ወታደር ፋንዲሻው ትን አለው።
ዞር አልኩ። ጢሙ ሸበት ያለ፣
ትከሻው በሳቅ የሚንቀጠቀጥ፣
የእኛው ሰው ነው ለካ።

ከዚያ ያ ትዕይንት መጣ።
ሙሽራዋ ከጎረቤት ሰውዬ ቤት ሳትታይ ልትወጣ
በመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ሾልካ፣ ወገቧ ላይ ተሰክታ፣
ጭንቅላቷ ውስጥ፣ ሌላው ሌላው ወደ ጎዳና ወጥታ፣
እሳት አደጋ ተጠራ።
መሰላሉን ወጥቶ የመጣው ያው የከዳት ሰውዬ፤
ፊቷን አላገኘም። ያገኘው መቀመጫዋን ነው።
ወዲያው በስሟ ጠራት።

ምን ብዬ እንደምተረጉም ምራቄን ስውጥ
እናቴ ሳቀች።
በደረጃ የሚንከባለል በርሜል ነው ሳቋ፤
ከፊት ያሉት ሰዎች ፊልሙን ትተው ዞሩ።
"እማ፣ ገብቶሻል እንዴ?"
"ልጄ" አለች፣ እንባዋን በሹራቧ ጫፍ እየጠረገች፣
"ሰባት ወልጃለሁ።
እጅ የት እንደሚገኝ አጥቼው አይደለም።"

ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች፤
አሁን አስተርጓሚዋ እሷ ሆነች።
"ከአባትሽ በፊት ባይህ የሚባል ነበር።
የኛ ጎጆ መስኮት የለውም እንጂ
እኔም ተሰክቼ እቀር ነበር።
ሌላ አገባ። ሁለት ክረምት አለቀስኩ።
ሦስተኛው ላይ ገበያ አየሁት፤
አህያው አልሄድ ብላው ከኋላ ሲገፋት
ሱሪው ተተረተረ፣ ከላይ እስከ ታች።
ሳቅሁ። አህያዋ ስትሄድም አላቆምኩም።
ማታ ቤቴ ገብቼ ላለቅስ ብሞክር እንቢ አለኝ።"

ወጣን። የኔጌቭ አቧራ፣ የሚጠበስ ሥጋ ሽታ፣
ከአውቶቡስ ጣቢያው የሹፌር ጩኸት።
ወታደሩ መሣሪያውን በትከሻው አስተካክሎ
ባጠገባችን ሲያልፍ ቀስ አለና
"እናቴ" አላት፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣
"የሴትዮዋ እጅ ተሻላት?"
"ወጌሻ አግኝታለች፣ ይመስገን" አለችው።

እኔ አውቶቡሱ እስኪመጣ የመብራት ምሰሶ ይዤ
ሆዴን ይዤ፣ ደግሞ ምሰሶውን።
አቪሻይ ምን አይነት ሱሪ ነበር የሚለብሰው?
ለማስታወስ ሞከርኩ፣
የመጣልኝ ግን የአህያዋ ጀርባ ነው።

ወንበራችን ላይ ከተቀመጥን በኋላ፣
ካርዷን ቦርሳዋ ውስጥ እየመለሰች፣
መስኮቱን እያየች፣ ምንም እንዳልመሰላት፣
"ስመኝዬ" አለች፣
"የዚያን ወታደር እጅ አየሽው?"