የሦስት ሜዳ ዳኛ

«ጀማሪ ነህ?» አለኝ ታይስቶ፣ የወረቀት ፋብሪካው ጡረተኛ፣
ማስታወሻው ከኪሱ፣ እርሳሱ ከጆሮው፤ የሦስት ሜዳ ዳኛ።

«ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ጀምር፤ ቅርጫቱ ቅርብ፣ ሣሩ የታጨደ፣
ዲስክህ ቢስትም አጥሩ አለ፤ እስካሁን አንድም ርቆ አልሄደ።
ክንድህ ሲፍታታ ወደ ሐይቁ ውረድ፤ ስድስተኛው ላይ ውሃው ይጠብቃል፣
ስንቱን ቀይ፣ ስንቱን ቢጫ እንደዋጠ፣ የታችኛው ዓሣ ያውቃል።
የኮረብታው ጥድ ግን...» ዝም አለ፤ የግራ ትከሻውን አሸ፣
«ግንዱ ሁሉ በረኛ ነው። ስገባ ቀትር ነበር፤ ስወጣ መሸ።»

ይህን ሲል ኬርቱ ደረሰች፤ ሃያ ዲስክ በጀርባዋ ያዘለች፣
ጥዱን እንደ ጎረቤት የምታውቅ፣ በረኛውን ሁሉ ያታለለች።
ለማሟሟቂያ ብላ ከጓሮው ቆመች፤ ሦስት ርምጃ፣ ነፋስ የለ፣
ለቀቀችው። የቅርጫቱን ጠርዝ ነክቶ ሣሩ ላይ ተንከባለለ።

ሰንሰለቱ ዝም።

ከኋላዋ የሰባት ዓመቱ ኦይቫ፣ ጫማው ሳይታሰር፣
በሁለት እጁ ወረወረ፤
ሰንሰለቱ ተንሿሽቶ ለጓሮው ሁሉ ተናገረ።

ኬርቱ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ከከንፈሯ ላይ ፈዘዘ።
ታይስቶ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ፣
«ቀላል» የሚለውን ሰረዘ።