ልቡን አስቀርቼ

አራዳ፣ ንግድ ቢሮ፣ መስኮት ቁጥር ሦስት።
ጸሐፊው "የምርት ዓይነት?" አለኝ ቀና ሳይል።
"ጂን" አልኩት።
ቀና አለ። አማተበ።
"እኅቴ፣ ጂን እኮ በፈቃድ አይወጣም፣
በጠበል ነው።"
ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሣቀ፤
እኔም ሣቅሁ፤ ማኅተሙ ግን ሦስት ወር ራቀ።

እስከዚያው አዘዞ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣
የአጎቴን ባዶ ጎተራ ተከራየሁ።
ሙጨን ጠራሁት፣ መዳብ ቀጥቃጩን፣
ዕድሜውን ለቃጭልና ለጽናጽል የሰጠውን።
"ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ረጅም፣ አፍንጫው ወደ ታች" ስለው፣
"ድስት ነው ሰው?" አለ።
ሁለት ሳምንት ቀጠቀጠ።
ጠዋት ፀሐይ ስትገባ
የጎተራው ግድግዳ እስከ ጣሪያው ይቀላ ነበር።

እትዬ አንጓችን ከቀሃ ማዶ አመጣኋቸው፣
ሠላሳ ዓመት በማሰሮና በመቃ አረቄ ያወጡትን።
ከቢራ ፋብሪካ ስለቅ የሸለሙኝን ቴርሞሜትር አይተው፣
"ምነው ልጄ፣ ትኩሳት አለው?" አሉ።
ጣታቸውን ከጠብታው ሥር ዘረጉ፣ አሸተቱ፣
"ይኼ ራሱ ነው። ዓይን ያጠፋል፣ ድፊው።"
ቁጥሩን አየሁ።
ልክ ነበሩ።

ጥዱ ነው የቸገረኝ።
የደብሩ ጥድ የደብሩ ነው።
መሪጌታ ልሳነወርቅ ግንዱን በመቋሚያቸው መታ መታ አድርገው፦
"ከዚህ ሥር ስንት ዐፅም ያረፈ ይመስልሻል?
የሙታን ጥላ ለሕያዋን ስካር?"
አልተከራከርኩም።
ኮሶዬ ዳገቱ ላይ፣ ከአንድ ገበሬ አጥር፣
አንዲት ጥድ አገኘሁ።
"አንዲት" ያልኩት ዐውቄ ነው፤ ወንዱ አያፈራም፣
ያን ሰማያዊ ፍሬ የምትቋጥር ሴቲቱ ናት።
ባለቤቱ በሰፌድ ለቀመልኝና ዋጋው ጨነቀው፦
"ለወፍ በነፃ ነበር። ላንቺ ስንት ልበል?"

የመጀመሪያውን ቀዳን።
እትዬ አንጓች ቀመሱ፣ ዝም አሉ፣ ደግመው ቀመሱ፣
"ይኼስ መጠጥ አይደለም፣ ቁም ሣጥን ነው።"
እውነት ነው፤ ሙጫ ሙጫ፣ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይላል።
አርባ ሊትር ቦይ ውስጥ ደፋሁ፣
የዕቁቤን ግማሽ።
የሰፈሩ ውሻ መጥቶ አሸተተ፣ አስነጠሰ፣ ሄደ።

ፍሬውን ቀነስኩ።
ከደባርቅ ጦስኝ መጣ፣ ከጣና ዳር የትርንጎ ልጣጭ፣
ኮረሪማ አምስት፤ ስድስተኛዋ ታበላሻለች።
መብራት ሲሄድ በእንጨት አነደድን።
መንገድ ሲዘጋ ጠርሙስ ቀረብን፣
የሆቴል ጓሮ ዞረን ለቅመን አጠብን፣ አጠብን፣
እጃችን እስኪጨማደድ።
ከዚያ አንድ ሌሊት፣ ሙጨ እንኳ እንቅልፍ ጥሎት፦

ራሱንም ደፋሁ፣ ዓይን ስለሚያጠፋ፤
ጭራውን መለስኩት፣ ዳግም እንዲለፋ፤
መሐሉን አስቀረሁ፣ ልቡን በጠርሙሱ፣
ዝም ብሎ የመጣውን፣ ሳይጮህ ከነነፍሱ።

እትዬ አንጓች ቀመሱ።
ምንም አላሉም። ብርጭቆውን ግን አልመለሱም።

ሃያ አራት ጠርሙስ።
ፒያሳ ባለ ቡና ቤቱ ተገኘ ስድስቱን ወሰደ፣ በዱቤ፤
ስድስቱን ራሱ ጠጥቶ ሌላ ስድስት ጠየቀ፣ አሁንም በዱቤ።
"ስሙን አንጓች እንበለው" ብዬ ነበር፤
"ስሜን ጠርሙስ ላይ? የንስሐ አባቴ ምን ይላሉ?"
እናም መለያው ላይ "መስኮት ሦስት" ብለን አተምን።

ዘንድሮ ፈቃድ ላሳድስ ስሄድ ያው ሰው ነው፣ ሸብቷል እንጂ።
"የሠራተኛ ብዛት?"
"አምስት።"
ብዕሩን አስቀመጠ። "እና... ጂኑ ወጣ?"
"ወጣ። በወር ሁለት መቶ ጠርሙስ።"
ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታው፣ አንዱ በቂ ሆኖ ሳለ።

ከዚያ ወደ ኮሶዬ ወጣሁ።
ዛሬ ሌሎች ስምንት ጥዶች አሉኝ፤
የመጀመሪያዋ ግን ዘንድሮ እምብዛም አልያዘችም።
"ታርፋለች" አለ ባለቤቱ። "አንቺም ብታርፊ።"
ወፎቹ ቅርንጫፉ ላይ ተደርድረው
ሰፌዴን ያያሉ፣
እንደ አበዳሪ።