ቅጽ ሰባት

ሐሙስ ነው፤ ያካፋል። ባጃጁ ከፈረንጅ አራዳ አምጥቶ መንገድ ዳር ጣለኝ፣
«ከዚህ በላይ አልገባም እማማ፣ ጭቃው ጎማ ይበላል» አለኝ።
በቦቲ ጫማዬ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ ወደ ቦዬ፣
አንገቴ ላይ መነጽር፣ ብብቴ ሥር መዝገብ፣ ኪሴ ውስጥ ቆሎዬ።

ሐይቅ ይሉታል፤ ግማሹ ደንገል ነው፣ ግማሹ ሰማይ፣
ውኃው የት እንደሚጀምር፣ ከሳቢሳ እግር በቀር፣ የለም ለይቶ የሚያይ።
እጽፋለሁ፦
አንድ ሰዓት ከሩብ። ይብራ፣ አሥራ አንድ። ጋጋኖ፣ ሁለት።
ስሙን የማላውቀው፣ አንድ፤ ጅራቱ የማያርፍ፣ ደረቱ አመድ የነካው የሚመስልበት።
የውኃ ተርብ፣ ቀይ፣ ሰባት። ሰማያዊው መቁጠር አቃተኝ፤
አንዱ መጥቶ እስክሪብቶዬ ጫፍ ላይ አረፈና፣ ያለውንም አሳተኝ።

ወረቀቱ የቢሮ ነው። ጡረታ ስወጣ ማንም አልፈለገው፣
ከመጋዘን ሁለት ጥቅል፣ አይጥ ዳር ዳሩን የነደለው።
ቅጽ ሰባት፣ የወባ ማጥፊያ። ማኅተሙ ደብዝዟል፣
«ቦታ»፣ «የተረጨበት ቀን»፣ «የሞተ» የሚለው ግን ይነበባል።
ሌላ ሰፊ ዓምድ ስለሌለ፣
ወፉም፣ ጢንዚዛውም፣ ቢራቢሮውም
«የሞተ» ሥር ተሰለፈ፣ ክንፉን እያራገፈ፣ እየዘለለ።

ሃያ ስድስት ዓመት እዚሁ ዳር ቆሜአለሁ፣
በነጭ ጭልፋ ውኃ እየቀዳሁ እጭ ቆጥሬአለሁ፤
ክር የሚያህል፣ ከውኃው ገጽ ጋር ተጋድሞ የሚተነፍስ።
እኔ ምልክት ሳደርግ፣ ሸምሰዲን ታንከሩን አዝሎ
ይመጣ ነበር ከኋላዬ፣ እያፏጨ፣ ሳይቸኩል፣ ቀስ በቀስ።

ለትንኟ አላዝንም።
አንድ ክረምት፣ ከዚህ ሰፈር ብቻ፣ ስንት ጨቅላ እንደወሰደች
እሱንም የቆጠርኩት እኔ ነኝ። በሌላ ቅጽ።
ግን አንዴ፣ ከርጭቱ ማግስት፣ እንደ ዛሬው በማለዳ፣
መጥቼ ስቆም፣ ውኃው ተኝቷል እንደ ባዶ ጓዳ፤
ፌንጣ የለም፣ እንቁራሪት የለም፣ ክንፍ የለም የሚርበደበድ፣
ጆሮዬ ውስጥ የገዛ ደሜ ብቻ፣ ሲሄድ፣ ሲሄድ፣ ሲሄድ።
«ውጤት፦ ጥሩ» ብዬ ሞላሁ።
ፈረምኩ።
ምሳዬን በላሁ።

«ወባዬ!» ይለኛል ጡብ መቺው ረጀብ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ፣
«ዛሬስ ስንት ጣልሽ?» ይስቃል፣ መዳፉን በሱሪው አብሶ።
በየዓመቱ ሦስት አራት እርምጃ ሐይቁን ቆፍሮ ይበላል፤
ልቆጣው እልና የቤቴ ግድግዳ ትዝ ይለኛል፤
የገዛሁት ከአባቱ ነው፣ ሺህ ሁለት መቶ ጡብ፣
ግማሽ ቦዬን ቤት አድርጌ ነው የምተኛው፣ ምን ልለው ነው ለረጀብ?

«ስሚ፣ አንድ ጻፊልኝ» አለ። «ማታ ማታ ከምድጃው ጀርባ፣
ባትሪው እንዳለቀ ሬድዮ የሚያጓራ፣ እንቅልፍ የሚነሳ፣ የማያባራ።»
«ምንድን ነው? ወፍ ነው? ፌንጣ?»
«እኔ ምን አውቄ፣ ሰማሁት እንጂ አላየሁት።»
ጻፍኩለት፦ አንድ፤ ያልታየ፤ በረጀብ ጆሮ።
አንገቱን አስግጎ አየ። ማንበብ አይችልም፤ ግን ስሙን
በጭቃ ጣቱ ነካው፤ ወረቀቱ ላይ ቀረ፣ ቀይ፣ ክብ፣ እንደ ማኅተም።

አራት ሰዓት። ጉማሬው ማታ የረገጠው ዱካ ውኃ ሞልቷል፣
ውስጡ አንድ ነገር ይሽከረከራል፤ ጎንበስ አልኩ፣ ጉልበቴ ጮኸ፣
«ውኃ ላይ የሚሮጥ፣ ስድስት» ብዬ ጻፍኩ፤ ካፊያው ቁጥሩን አጠበው።

ልነሳ ስል እጄ ላይ
ቀለል ያለች፣ የማውቃት፣
ኋላዋን ወደ ላይ ቀስራ የቆመች።
ጠበቅኋት ትንሽ። ከዚያ በጥፊ።

መዝገቡን እንደገና ገለጥኩ፣
«የሞተ» በሚለው ሥር፣ ከዚያ ሁሉ ሕያው በታች፣
ትንኝ፣ አንድ።