ብረት የሚዘንብበት

ፈረስ ቤት፣ በሰኔ፣ ጉም ደጁን ሲዘጋው፣
አባቴ ወናፉን ቀስ ብሎ ሲያነቃው፣
ከትምህርት ቤት መጣሁ፣ እጄ ጠመኔ ነው፤
"ዛሬ ምን አስተማርሽ?" አለኝ እንደ ወትሮው።

"አንድ ዓለም አለ" አልሁት፣ "በሑት ኮከብ በኩል፤
ስሙ የመጋዘን ዕቃ ቁጥር ይመስላል፦
ዋስፕ ሰባ ስድስት ቢ።" (ቤት አልመታም፤ ይቅር፤
ሳይንስ ስም ሲያወጣ ገጣሚ አያማክር።)

"ብርሃኑ እኛ ዘንድ ሲደርስ ስድስት መቶ አርባ ዓመት ተጉዞ ነው፤
ጎንደር ሳትቆረቆር በፊት ነበር ከቤቱ የወጣው።
ከፀሐዩ ጉያ ተለጥፎ ይዞራል፤
ሰኞ ጧት ጀምሮ፣ ረቡዕ ሳይነጋ ዓመቱ ይሞላል።
አንድ ጎኑ ሁልጊዜ ቀን፣ አንድ ጎኑ ሁልጊዜ ሌት፤
በቀኑ በኩል ሁለት ሺህ አራት መቶ ዲግሪ ነው ሙቀት።
እዚያ ብረት መጋል፣ መቅለጥ ብቻ አይበቃውም፤ ይተናል፣
እንደ ጮቄ ጉም ይነሣል፣
ነፋስ ወደ ጨለማው ጎን ያሻግረዋል፣
ሲበርደው ይረጋል፤
ከዚያ፣ ይላሉ ያጠኑት፣ ብረት ይዘንባል።"

ወናፉ ቆመ።
ጉጠቱን ከፍሙ ሳያወጣ፣
"ማን ይለቅመዋል?" አለ።

ከሰባ አንድ ተማሪ ይህን የጠየቀ አልነበረም።
አንዱ ብቻ፣ ከኋላ ወንበር፦ "ቲቸር፣ እዚያም ቡዳ አለ?"
ክፍሉ ሳቀ። እኔ ወደ ሰሌዳው ዞሬ
ያልተሳሳተ ቁጥር አጠፋሁ።
ይህን ለአባቴ አልነገርሁትም።

መልሱ "ማንም" ነበር። ዋሸሁት።

"ቀንና ሌት በሚዋሰኑበት ጠርዝ ላይ ይኖራሉ፤
ገላቸው እንደ ጠርሙስ ነው፣ ደማቸው የቀለጠ ብረት፤
ዝናቡ ሲመጣ አንጋጠው ይጠጣሉ፣
ሲያስነጥሳቸው ምስማር ያረግፋሉ።
ልጅ ሲወለድ፣ አንተ ማረሻ እንደምትፈትን፣
ኳ አድርገው ጆሯቸውን ይሰጡታል፤
ድምፁ ከጠራ፣ ስሙ ያ ድምፅ ይሆናል።
ሁሉም የብረት ልጅ ነው፤ 'የማን ዘር?' የሚል የለም፤
ቀጥቃጭ ሲያልፍ ልጇን በነጠላ የምትሸፍን እናት የለችም።"

ሳቀ። ምስማሩ ነው ያሳቀው።
"ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እዚያ ስንት ይሆናል?"
በበሩ ሳንቃ ላይ፣ በጠመኔ አሰላሁ፦
አሥራ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ገደማ።

ይህን ስናወራ የውብዳር ያስሞረደችውን ቢላዋ ልትወስድ መጣች፤
ስለቱን በጥፍሯ ሞከረች፣
"አያ አንማው፣ እጅህ ይባረክ" አለች፣
ብሩን ግን በእጁ አልሰጠችም፤ ድንጋዩ ላይ አኖረች።

አባቴ ብሩን ሳያነሣ የበሩን ሳንቃ አየ።
"አሥራ ሁለት ሺህ" አለ፣ ለብቻው።

ከዚያ ዝናቡ ጀመረ።
መዳፉን ከክፈፉ ውጭ ዘረጋ፣
ጥቂት ጠበቀ፣
"የኛ ውሃ ብቻ ነው" አለኝ።