አራሚዋ

ፊደል ለቃሚ ነበርኩ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣
ከአራት ኪሎ ቁልቁል፣ በአንድ ማተሚያ ቤት።
የእርሳስ ፊደል ነክሶት እንደጠቆረ ነው ጥፍሬ፤
የተገለበጠ ቃል አነባለሁ እስከ ዛሬ።
ኋላም አራሚ ሆንኩ። ኮምፒውተር መጣና አበቃ፤
ማጉያ መነጽሬን ይዤ ወጣሁ፣ ያለ ሌላ ዕቃ።

አሁን ቲማቲም ለቃሚ ነኝ።
ወይዘሮ ውዳላት "ዓይንህ ያያል?" ብላ ቀጠረችኝ፣
እዚያው አራት ኪሎ፣ ስድስተኛ ፎቅ ጣሪያ ላይ፣
ከላስቲክ ቤት አስገባችኝ።
ታች ወያላው "ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!" ይላል፤
እላይ ቲማቲሙ በሲባጎ ታስሮ፣ ዝም ብሎ ይቀላል።

በግንቦት ነጭ ዝንብ ገባ።
ቅጠል ስነካ ብን ይላል፣ ከወንፊት እንዳመለጠ ዱቄት፤
ሲያርፍ ይመጠምጣል፤ ያንጠባጠበው ያጣብቃል፣ ይሆናል ጥላሸት።
የውዳላት ልጅ ናሆም መርጫውን አዝሎ መጣ፣
"አንድ ቀን ነው፤ አፍንጫህን ይዘህ ውጣ።"
ከሥራችን ግን፣ አምስተኛው ላይ፣ መዋዕለ ሕፃናት አለ፤
የልጆች ፎጣ በመስኮቱ እንደተሰቀለ።
"ሦስት ሳምንት ስጡኝ" አልኩ፣
በሦስት ሳምንት ምን እንደማደርግ ሳላውቅ።

ምንትዋብ መጣች፣ ከሳይንስ ፋኩልቲ፣ ቦርሳዋን አንግታ፤
ካርድ አወጣች፣ ነቁጥ ነቁጥ የተለጠፈበት፣ ከፖስታ።
"ተርብ ናት።"
"ተርብ?"
"አትናደፍም። ባልም አትፈልግም፤ ብቻዋን ትወልዳለች።"
ዘበኛው ጋሽ ኩምሳ ሰምቶ ከደረጃው ጮኸ፦
"ሽማግሌው! የምታረባው ተርብ ነው ወይስ ተረብ?"

በማጉያዬ አየኋት፤ ከአራት ነጥብ አንዷ
ክንፍ አብቅላ ከዓረፍተ ነገር ያመለጠች፤ ቢጫ ነው ሆዷ።
ቅጠሉን ከሥር በኩል በቀንዷ እየዳሰሰች
ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ መስመር ሳትዘል ትመለሳለች፣
እኔ ድሮ በጣቴ እንደማደርገው፤
ክንፍ ያላወጣውን የዝንብ ግልገል ስታገኘው
ትወጋዋለች። አንድ እንቁላል። ወደሚቀጥለው።

ሰኔ ገባ። በረዶ ላስቲኩን ነረተው።
መብራት ሄደ፤ ማሞቂያው ሦስት ሌሊት እንደ ድንጋይ በረደ።
ነጩ ነጭ ነው።
ናሆም መርጫውን በሩ ላይ አቆመው፣ እንደ መጥሪያ ደብዳቤ።
እኔ ቅጠል እገልጣለሁ፣ ገጽ እንደመግለጥ፤
ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ንጋት ላይ፣
ከነጮቹ መሀል አንድ ጥቁር። ከጎኑ ሦስት። ከዚያ ሙሉ መስመር።
እርጥብ ወረቀት ላይ ያረፈ፣ ድሮ የማውቀው ጥቁር።
"ጋሽ ኩምሳ!" ብዬ ጮህኩ። ስድስት ፎቅ ወጣ፣ ሲያለከልክ፤
በማጉያው አየና ተረቡ ጠፋበት፤ "አይ አምላክ!"

አልዋሽም ግን፤ በደስታዬ ውስጥ አንድ ነገር ቆረቆረኝ።
ግልገሉ ወዲያው አይሞትም፤ እየኖረ ነው ከውስጥ የሚበላው፣
ለሌላ ልጅ ቤት ሆኖ፣ ቅርፊት ብቻ እስኪቀር ገላው።
ጣሪያዋን በክብ ቀድዳ ትወጣለች፣ ዞር ብላም አታይ።
"ያመዋል?" አልኳት ምንትዋብን።
"እንጃ" አለች፣ ወደ እኔ ሳታይ።

ሐምሌ ላይ ናሆም መቀስ ይዞ መጣ፦ "የቀረውን እንጨርሰው፤
ያ የዳሩ መደብ ገና ነጭ አለው፤ ቅጠሉን ሁሉ እናርግፈው።"
"ተው" አልኩት። "ነጩ ካለቀ እሷም ታልቃለች።
ስህተት የሌለው መጽሐፍ አራሚውን ያስርባል፤
እኔን ጠይቀኝ።"
ሳቀ፤ መቀሱን ግን ኪሱ ከተተ።

አሁን በየማለዳው ከዳሩ መደብ እጀምራለሁ፣
ጥቁሩንም ነጩንም በደብተር እቆጥራለሁ።
ዛሬ አንዷ እጄ ጀርባ ላይ አረፈች፣ ከደም ሥሬ አጠገብ፤
በቀንዷ ዳሰሰችኝ፣ ግራ ቀኝ፣ እንደምታነብ።
የሚታረም ያገኘች አልመሰለኝም።
እጄን ሳላነቃንቅ ቆየሁ፣
ታች "ካዛንቺስ! አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!" ሲል እየሰማሁ።