አንሙት

ቡሬ ላይ፣ በሰኔ ዝናብ፣ ቆርቆሮው ሲያንጠባጥብ፣
ሶኬቴ ጭስ ተፋ፤ ግድግዳው ነደፈኝ እንደ ንብ።

መጀመሪያ የመጣው፣ ይበልጣል ይባላል፤
ቀብዱን ተቀበለና፣ “ነገ ጧት” ብሎኛል።
ነገው ሐምሌን ጨረሰ፣ ስልኩም ዝግ ነው አለ፤
የመዘዘው ሽቦ ብቻ፣ እንደ አንጀት ተንጠለጠለ።

ባለ ወፍጮዋ የዝና፣ ዱቄቱን ከቅንድቧ እያራገፈች፣
“ስድስት ዓመት ሞተሬን፣ ከአንሙት ሌላ አልነካውም” አለች።
አንሙት!
ከኮረንቲ ጋር ለሚውል፣ ከዚህስ ስም ምን ይበልጣል?

መጣ። በእግሩ።
ቴስተሩን ጆሮው ላይ፣ እንደ እርሳስ ሰክቶ፤
ባዶ እግሬን አየና፣ “ጫማ ያድርጉ” አለ ተቆጥቶ።
ቆጣሪውን አጠፋ፤ ሁለቴ፣ ሦስቴ ነካ፤
“ይሄን የቀጠለ ሰው…” ብሎ ዋጠው፣ ሰው አያማም ለካ።

“ስንት?” አልኩት። ሽቦውን በክንዱ ለክቶ፣
“አምስት ክንድ የእርስዎ፣ ቴፑ የኔ፤ የእጄን አራት መቶ።”

ስከፍለው መብራት ጠፋ፣ ሰፈሩ እንዳለ ጨለመ፤
እኔ ስደነግጥ እሱ ሳቀ፣ ደጃፍ ወጥቶ ቆመ፤
“ይሄስ ከኔ አይደለም እትዬ፣ ከላይ ነው” አለኝ፤
በዚያው ጨለማ፣ በዳሰሳ፣
ሃምሳ ብር ትርፍ መለሰልኝ።