ሰው ቤት ሠራሁ

በየመውሊዱ ዋዜማ
ትደውላለች እማ፦
«ቤት ሠራሽ ወይ፥ ይመኙሻል?»
መስመሩ ይቆራረጣል።
«ሰው ቤት ሠራሁ» እላታለሁ፤ አልዋሸሁም፥ አልዋሽም፤
«ሰው» የምትለዋን መስመሩ ይውጣታል፥ እኔም መልሼ አላነሣትም።
«ቤት ሠራሁ» ብቻ ይደርሳታል፤
ለጎረቤት ይነገራል፥ እልል ይባላል።

ስምንት ዓመት ሻርጃ፥ የሰው ወለል፥ የሰው መስኮት፥ የሰው ልጅ፣
ስድስት ዓመት ዓባያ ስፌት፥ ከፓኪስታኒው ሱቅ ደጅ፣
ከዚያ የራሴ ማሽን፥ የራሴ መቀስ፥ የሮላ ሴቶች ዕቁብ፣
ድርሃም በድርሃም ላይ ሲነባበር፥ በደብተር ጥግ ሲከተብ።

ነሐሴ ነው። ዓጅማን ፈልቷል።
የኬረላው ደላላ ሻጂ ከመኪናው ወርዷል፤
ላቡ ሸሚዙ ላይ ካርታ ሥሏል።
«ማዳም፥ ይኼ ቤት ዕድል ነው።
ባለቤቱ የተበደረው ሁለት መቶ አርባ ሺህ ነው፤
የቤቱ ዋጋ ወረደ፥ ዕዳው ግን ባለበት ነው።
ባንኩ ከፈቀደ ከዕዳው በታች ይሸጣል፥ የጎደለውን ይተዋል፤
ካልፈቀደ…» ይልና ሰማዩን ያያል።

«ማዳም» የሚባለውን ቃል፥ ስምንት ዓመት እኔ የጠራሁበትን፣
ዛሬ ዞሮ ሲጠራኝ፥ ከኋላዬ ሌላ ሴት ያለች መስሎኝ
ዞር ብዬ አየሁ።

ዘጠነኛ ፎቅ። የከፈተልን አቡ ሰጃድ ነው፥ የባስራው መሐንዲስ፣
ጢሙን ተላጭቶ፥ ሸሚዙን ተኩሶ፣
ውኃ ያቀርባል፥ ብርጭቆውን በሳህን፥ ቀስ።
ሁለት ክፍል። ኤሲው ያንጠባጥባል፥ ባልዲ ተቀምጧል ከሥሩ፤
በሁለት ሕንፃ መሀል፥ በመርፌ ቀዳዳ ስፋት፥ ይታያል ባሕሩ።
«ጠባብ ነው» አለ፥ እንዳፈረ።
ሰፊ ነኝ እኔ፥ አልኩ በሆዴ፤ ያቺ ቀዳዳ ትበቃኛለች።

ከኩሽናው በር ላይ ግን፥ በእርሳስ፦
ሰጃድ፥ ሦስት ዓመቱ። ሰጃድ፥ አምስት። ዘይነብ፥ ሁለት።
መስመር በመስመር ላይ፥ እንደኔ የስፌት ልኬት።
ለልጆቹ ቁመት ልክ ያበጀ፣
ለዕዳው ልክ አጥቶ አረጀ።

ማታ ከማሽኔ ላይ ቅጹን ዘረጋሁት።
መቶ ስድሳ ሺህ። ጻፍኩት፥ ሰረዝኩት።
መቶ ሃምሳ አምስት። ሰረዝኩት።
«አሳንሺ» ይላል ሻጂ፥ «ሰውየውን አይጎዳም፥ የሚጎድለው ከባንክ ነው።»
ባንክ ሲጎድልበት ዝም ይላል? ከማን ላይ ነው የሚሞላው?
የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤
ለዘገየችውስ ምን ተብሏል?
ዕዳ ከሜዳ ሲሉ እሰማ ነበር፤ እዚህስ ሁሉም ሜዳ ነው፥ አሸዋ ብቻ፣
ያለ ዝናብ ዕዳ የሚያበቅል፥ ያለ ሞፈር፥ ያለ ዘር ስልቻ።
መቶ ስድሳ ሁለት ሺህ።
ፈረምኩ። እጄ እንደ አዲስ ተለማማጅ እጅ ተንቀጠቀጠ፤
ክር የጨረሰ ማሽን እንደሚሮጥ ልቤ ባዶውን ሮጠ።

ሌሊት አቡ ሰጃድ ደወለ፤ ዋጋውን አላነሣም።
«ያ ኡኽቲ… የኩሽናውን በር ብቻ
ነቅዬ ብወስደው ቅር ይልሻል?»

ጠዋት ሻጂን፥ «ጨምርበት» አልኩት፥ «በሩ የሻጩ ነው።»
ሳቀ። «ማዳም፥ ባንኩ ቅጽ ላይ ለበር የተተወ ቦታ የለም፤
ጥያቄ ከገባበት ፋይሉ ከሥር ይገባል፥ አንድ ወር ይጨምራል።»
«ይጨምር።»

ይኸው ስድሳኛ ቀኔ። ባንኩ አልፈቀደም፥ አልከለከለም።
ባለ ቅኔ ብሆን ቤት እመታ ነበር፤
እኔ ገና በር ላይ ነኝ፥ በሩም የኔ አይደለም።

ነገ መውሊድ ነው። እማ ትደውላለች።
«ቤት ሠራሽ ወይ?»
በሩን ለሰው ሰጠሁ፥ እማ፤ ቤቱን ገና አልሰጡኝም፣
ልላት ነው።
ይህችን እንኳ
መስመሩ ባይውጣት።